የሰይቼንቶዋ ውሃ

ሃርነት ያን ቅዳሜ ጠዋት አባቷን ተከትላ ወደ አትክልተኛው ግቢ ስትገባ ደስታዋ ፊቷ ላይ እንዳይታይባት ከንፈሯን ነክሳ ነበር። አትፍረዱባት። ሮማ ተወልዳ ያደገች፣ የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት፣ የራሷ ሥራ ያላት፣ ቢሮ ላይ ጣልያኖቹን በራሳቸው ቋንቋ አፍ የምታስይዝ ናት። ግን የካቲት ገብቶ ፀሐይ ብቅ ባለችበት በዚያ ጠዋት እግሯ መሬት አልነካ ብሏት ነበር። አባቷ አቶ ተኽለብርሃን በኅዳር ወር አንድ ቃል ተናግረው ነበርና። «እስኪ ያ ልጅ መኪናዬን ከዚህ ብርድ በደህና ያውጣልኝ፤ የቀረውን ያኔ እንነጋገራለን» ነበር ያሉት። የቀረው ምን እንደሆነ ማንም አልጠየቃቸውም። ቤቱ በሙሉ ያውቀዋል።

መኪናዋ ሰይቼንቶ ናት፤ አገር ቤት ትልልቆቹ ሁሉ የሚያውቋት፣ ሞተሯ ከኋላ የሆነ ያቺ ትንሽ ፊያት። ይቺኛዋ ስልሳ ዓመት የሞላት አሮጊት ብትሆንም ወተት በመሰለ ቀለሟ ዛሬም ሰው ዞር ብሎ ያያታል። አቶ ተኽለብርሃን አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ አዲስ አበባ ቴሌ አሥር ዓመት የሠሩ፣ ከዚያ ሮማ ገብተው የቀሩ ሰው ናቸው። ሮማ ላይ መጀመሪያ የገዙት ነገር እሷን ነው። ሃርነት ስትወለድ ከሆስፒታል ቤት ያመጧት በእሷ ነው። ሚስታቸው ወይዘሮ ትበርህ «እኔን እንዲህ ተንከባክቦኝ አያውቅም» እያሉ ሲስቁባቸው ኖረዋል።

ታዲያ ለሠላሳ ዓመት ሙሉ ያደረችበት ቦክስ፣ ያ የተከራዩላት ጋራዥ ማለት ነው፣ ሕንፃው ሲሸጥ ልቀቁ ተባለ። ሌላ ቦታ ጠፋ። ሰውየው ከሐሳብ ብዛት እህል አልወርድ ሲላቸው «እኔ ቦታ አላጣላትም፤ ሜዳ ላይም ቢሆን ብርዱን አሳልፋታለሁ» ብሎ ብቅ ያለው ደምለው ነው።

ደምለው የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፤ መካኒክ። ሃርነት ያወቀችው ካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ የነበረው የስደተኞች ካምፕ ሳይዘጋ፣ እሷ እዚያ ስታስተረጉም ነው። ካምፑ ተዘግቶ ሁሉም ሲበተን እሱ የሮማ ዳርቻ ወደሆነው ሮማኒና መጥቶ፣ ሰላም ፓላስ በሚሉት የስደተኞች ሕንፃ ውስጥ አንዲት ክፍል አገኘ። ቀን ቀን አንድ ኦፊቺና፣ የመኪና ጥገና ቤት ውስጥ፣ ያለ ውል ይሠራል። ፔርሜሶውን፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ከልክለውት ይግባኝ ብሏል፤ ሪኮርሶው ዛሬ ነገ እየተባለ ዓመታት ነጎዱ። በእነዚህ ዓመታት ሃርነትን በዓይኑ ሲከተላት ኖረ እንጂ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ምክንያቱን እሷም ታውቀዋለች። ዜግነት ያላትን ልጅ ወደድኩ ቢል የሐበሻ አፍ በማግስቱ «ለወረቀት ነው» ይለዋል። አባቷም ያን ነበር የሚፈሩት፤ አልደበቁትም።

ቦታው ከሮማኒና አለፍ ብሎ ያለ የአንድ ሽማግሌ ጣልያን የችግኝ ግቢ ነበር። አጥር አለው እንጂ ጣራ የለውም። ደምለው ያደረገላትን አይታችሁ ቢሆን! አራቱም ጎማ እንዳይጣመም በእንጨት ላይ አነሳት። ባትሪዋን ፈትቶ ወደ ክፍሉ ወሰደ። የእጅ ፍሬኑ ተጣብቆ እንዳይቀር ለቀቀው፤ አይጥ እንዳይገባ የጭስ መውጫዋን ማርሚታ በጨርቅ ደፈነ። አቶ ተኽለብርሃን ላስቲክ እናልብሳት ሲሉት «ላስቲክ ያልባታል ጋሼ፣ ዝገት ይጠራል» ብሎ የሚተነፍስ ሸራ አለበሳት፤ በየሳምንቱ እሑድም ሸራውን ገልጦ አየር ያስመታታል። ሰውየው አፋቸውን ሞልተው አያመሰግኑም፤ ግን ታኅሣሥ ላይ አንድ ቀን ደምለውን «ልጄ» ብለው ሲጠሩት ሃርነት በጆሮዋ ሰምታለች።

እና ያ ቅዳሜ የመረከቢያው ቀን ነበር። ደምለው ቀድሟቸው ደርሶ፣ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ሸራውን አጣጥፎ ቆሟል። ባለቤቱ ሳይመጣ ሞተሩን አልከፍትም ብሎ ነው የጠበቀው። ሃርነትን ሲያያት ፈገግ አለ፤ እሷም ፈገግ አለች፤ አባቷ ይህን አይተው ያላዩ መሰሉ። ከዚያ ደምለው ኮፈኑን ከፈተ።

ጎንበስ ብሎ ጣቱን በሞተሩ ጎን ላይ አስኬደ። ሃርነትም ጎንበስ አለች። ጣት የሚያህል ስንጥቅ በብረቱ ላይ ወርዶ ይታያል፤ የራዲያተሩም ሥር ተተርትሯል፤ ከታች መሬቱ ላይ የዝገት ቀለም ያለው ውሃ ደርቋል።

«ምንድን ነው?» አሉ አቶ ተኽለብርሃን።

«ሞኖብሎኮው ተሰንጥቋል ጋሼ» አለ ደምለው። ሞኖብሎኮ ማለት የሞተሩ ዋና አካል ነው፤ ከዚያ በኋላ ሞተር የለም ማለት ይቻላል።

የሰውየው ፊት መጀመሪያ ነጣ፣ ቀጥሎ ቀላ። «ጥር ላይ ብቻዬን መጥቼ አይቻታለሁ» አሉ። «ራዲያተሯን ብከፍት ባዶ፤ አንዲት ጠብታ የላትም። በገዛ እጄ ከዚያ ቧንቧ ቀድቼ እስከ አፏ ሞላኋት። ዝም ያልኩህ እንዳላሳፍርህ ብዬ ነው። ያለ ውሃ በደረቁ ስንት ጊዜ አስነስተሃት ነው እንዲህ የሆነችው?»

ደምለው መልስ ሊሰጥ አፉን ከፍቶ ሳይናገር ሃርነትን አያት። አንድ ጊዜ ብቻ። ያን ጊዜ ለእሷ ሁሉም ነገር ወለል ብሎ ታያት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በታኅሣሥ አንዱ እሑድ ሁለቱ ብቻቸውን እዚሁ ግቢ ነበሩ። ደምለው ያን ቀን የመኪናዋን ውሃ በሙሉ ከራዲያተሩም ከሞተሩም አፍስሶ አወጣ። የደብረ ብርሃን ሰው ውርጭን ያውቀዋል። እዚያ የጭነት ሾፌሮች በብርዱ ወራት ሲያድሩ ውሃውን ደፍተው ነው የሚተኙት፤ ውሃ በረዶ ሲሆን ያብጣል፣ ሲያብጥ ብረት ይሰነጥቃል። «ለጋሼ ንገሪያቸው፤ እስከ መጋቢት ውሃ እንዳይጨምሩባት» አላት። የሰውየውን ልማድ ያውቃላ። የእሳቸው ዘመን ሾፌር መኪና ባየ ቁጥር ውሃና ዘይት ሳያይ አያልፍም። ራሱ ደውሎ እንዳይነግራቸው ደግሞ ትልቅ ሰውን በስልክ እንዲህ አድርጉ፣ እንዲህ አታድርጉ ማለት ድፍረት መሰለው። የእሷ አባት ናቸው፤ እሷ ትንገራቸው አለ።

ትነግራቸውም ነበር። ግን ወዲያው እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ዓይኑን ከጨርቁ ላይ ሳያነሳ፣ «ሽማግሌ ልኬ ልጠይቅሽ ብዬ ነበር» አላት። «ግን ማንን ልላክ? በዚህ አገር አንድ የሥጋ ዘመድ የለኝም። በአባትሽ ደጅ ማን ይቆምልኛል?» ስድስት ዓመት የጠበቀችው ቃል ነበር። ከአናኚና ጣቢያ ሜትሮ ስትሳፈር ዓለም በሙሉ አዲስ ሆኖባት ነበር፤ ቤት ስትደርስ እናቷ ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ የበራው ሲሏት ሳቀች። የውሃው ነገር ከዚያ በኋላ አንድም ቀን ትዝ አላላትም። አባቷ በጥር ውሃውን ሞሉ፤ ከጥምቀት በኋላ ሦስት ሌሊት ሮማን ያን የመሰለ ውርጭ መታት፤ የሆነው ሆነ።

ደምለው እንግዲህ ይህን ሁሉ በዚያች አንዲት እይታ ገብቶታል። ከተናገረ ሽማግሌው የሚወዷትን መኪና በገዛ እጃቸው እንደሰበሯት ያውቃሉ፤ ሃርነትም ትጋለጣለች። ራሱን ዝቅ አደረገ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው ጋሼ። ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ።

«አደራ የማይችል ሰው ደጄ ላይ እንዳይቆም» አሉ አቶ ተኽለብርሃን፤ ቁልፋቸውን ተቀብለው ዞረው ሄዱ።

ሃርነት አፏን ከፍታ ነበር። ለመናገር ግን ያን እሑድ ከደምለው ጋር ብቻቸውን እንደነበሩና ምን ብሎ እንደጠየቃት መናገር ነበረባት። ፈራች። እውነቱን እንነጋገር፤ ፈራች፣ ዝም አለች፣ አባቷን ደግፋ ወደ አውቶቡሱ ሄደች። በመስኮቱ ዞር ብላ ስታይ ደምለው ሸራውን መልሶ ያለብሳት ነበር። ያኔ የተሰማት ኀፍረት በሕይወቷ ተሰምቷት አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ስልኩን አላነሳም። አምስት ቀን ደወለችለት። ሐሙስ ዕለት ሰላም ፓላስ የምትኖረው ጓደኛዋ ጽጌረዳ ቢሮዋ ድረስ መጥታ የታጠፈ ወረቀት ሰጠቻት፤ «ሰኞ ወደ ሰሜን፣ ወደ ቤርጋሞ ሊሄድ ነው፤ ሻንጣውን አስሯል» ብላትም ሄደች። ሃርነት የአማርኛ ጽሑፍ ቀስ ብላ ነው የምታነበው። ያን ደብዳቤ መጸዳጃ ቤት ገብታ ቆልፋ ሦስት ጊዜ አነበበችው።

«ሃርነት፣ ቤርጋሞ ያገሬ ልጅ ሥራ አግኝቶልኛል። እባክሽ ለአባትሽ ምንም አትንገሪ። በሰባ ሁለት ዓመታቸው ያቺን መኪና እኔ ነኝ የገደልኳት እያሉ እንዲኖሩ አልፈልግም። እኔ ጉልበት አለኝ፤ ይህን እሸከመዋለሁ። ዝም በማለትሽ አልተቀየምኩሽም፤ ልጅ በአባቱ ፊት ዝም ይላል። ብቻ አንድ ነገር እወቂልኝ። ያን እሑድ የነገርኩሽ ለወረቀት አልነበረም። ወረቀት አንድ ቀን ይመጣል፤ ባይመጣም ሰው ይኖራል። አንቺን ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ፣ ካምፑ ውስጥ ስሜን አስተካክለሽ የጠራሽኝ ቀን፣ እወድሻለሁ።»

አልተቀየምኩሽም ያለው ነው የገደላት። ቢቆጣት፣ ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሦስቱ ምሳ ቀርበዋል። አቶ ተኽለብርሃን ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ እህል ይነካካሉ እንጂ አይበሉም። ወይዘሮ ትበርህ ስለ ጎረቤት፣ ስለ አሳንሰሩ መበላሸት ያወራሉ። ሃርነት ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«አባባ፣ ውሃውን ደምለው ነው ያፈሰሰው» አለች። «ሆን ብሎ ነው። ሞተሯን አስነስቷት አያውቅም።»

ከዚያ ሁሉንም ነገረቻቸው። የደብረ ብርሃን ሾፌሮችን፣ ውሃ ሲያብጥ ብረት መሰንጠቁን፣ ለአባቴ ንገሪያቸው ተብላ መርሳቷን። ለምን እንደረሳች ወደ መናገሩ ስትደርስ ዓይኗን ሳህኗ ላይ ተክላ ቀጠለች። «ሊያገባኝ እንደሚፈልግ ነገረኝ። ሽማግሌ የሚሆነኝ ሰው የለኝም አለኝ። እኔ ከደስታዬ የተነሳ ሌላው ሁሉ ጠፋኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እሱ ግን ለእኔና ለአንተ ብሎ በራሱ ላይ ወሰደው። ነገ ሊሄድ ነው።» ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

አቶ ተኽለብርሃን መነጽራቸውን አደረጉና አነበቡ። ሃርነት የአባቷን ፊት ማየት አልደፈረችም፤ ዓይኗ የጠረጴዛው ጨርቅ ላይ የፈሰሰውን ወጥ ነበር የሚያየው።

«በገዛ እጄ ነዋ» አሉ በመጨረሻ ቀስ ብለው። «ጥም ይዟት መስሎኝ ነበር እኮ።»

«አባባ...»

«ዝም በይ። አንድ ሰው ፊት ለፊቴ ቆሞ የእኔን ጥፋት ጥፋቴ ነው ሲል አላወቅኩትም። አደራ አትችልም አልኩት።» ተነሱ። «ካፖርቴን ስጡኝ።»

«ምሳህስ?» አሉ ወይዘሮ ትበርህ።

«ተይኝ ትበርህ።»

ያ ሰውዬ ሰላም ፓላስን በሩቁ እንጂ ደጃፉን ረግጠውት አያውቁም ነበር። ሰው ሲጠይቃቸውም «እዚያ እኛ ዘመድ የለንም» ይሉ ነበር፤ ሃርነት ይህን ስትሰማ ሁልጊዜ ታፍርባቸው ነበር። ዛሬ ግን አሳንሰር የሌለውን ደረጃ አንድ በአንድ እየረገጡ፣ እጇን አልቀበል እያሉ ወጡ። በየፎቁ ልጆችና እናቶች በሩን ከፈት አድርገው ያይዋቸዋል፤ እሳቸው ባርኔጣቸውን እያነሱ ደህና ዋላችሁ ይላሉ።

ደምለው በሩን ሲከፍት ሻንጣው ከኋላው አልጋው ላይ ይታያል። ሁለቱን አይቶ ደነገጠ፤ ሃርነትን አላያትም፣ ሽማግሌውን ነበር የሚያየው። «ጋሼ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ» አለ።

«አልቀመጥም» አሉ አቶ ተኽለብርሃን። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ነጭ ፀጉራቸው ተንጨባርሮ ነበር። «ልጄ ሁሉንም ነገረችኝ። አንተን ሰው ፊት አዋርጄሃለሁ፤ ጥፋተኛው ግን እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።» ጎንበስ ሊሉ ሲሉ ደምለው ሁለት ትከሻቸውን ያዛቸው።

«ጋሼ በእግዚአብሔር! እንዲህ አይሁኑብኝ» አለ። ዓይኑ ሞላ። «ውሃውን ያፈሰስኩት እኔ፤ ራሴ ልነግርዎት ይገባኝ ነበር። አፈርኩ እንጂ።»

«ለምን አልተናገርክም? ያን ቀን።»

«አንድ ቀን ሲጠሩኝ ልጄ ብለውኝ ነበር» አለ ደምለው። «አባቴ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አደርግለት ነበር ብዬ ነው።»

ሃርነት ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማችም፤ በሩ ጥግ ግድግዳውን ተደግፋ እያለቀሰች ነበር። ደምለው የተሰነጠቀ ብረት የሚሰፋ ሰው አውቃለሁ፣ ሞተሯም ካልሆነ ከአሮጌ መኪና ይገኝላታል ሲል፣ አባቷ ደግሞ እሱን ተወው፣ እሱን ኋላ፣ ሲሉ እንደ ሩቅ ነገር ትሰማቸዋለች። ከዚያ አባቷ «አንተ ጃኬትህን ልበስ፤ ሻንጣውን ተወው» አሉ። ወዴት እንደሚሄዱ አልተናገሩም።

ቤት ደጃፍ ሲደርሱ አቶ ተኽለብርሃን ሃርነትን ቀድማ እንድትወጣ አዘዟት። «እንግዲህ፣ አንቺ ግቢና ከእናትሽ ጋር ተቀመጪ። ደምለው ደረጃው ላይ ይቆይ» አሉ። ሃርነት ገባች። አባቷ ቁልፍ ኪሳቸው ውስጥ እያለ የበሩን ደወል ደወሉ።

ወይዘሮ ትበርህ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ከፈቱ። ባላቸው ከመድረኩ ውጪ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል።

«ምን ሆነሃል? ግባ እንጂ፣ ብርድ ነው» አሉ በትግርኛ።

ሰውየው ግን በአማርኛ ነበር የመለሱት፤ ደረጃው ላይ ያለው ሰው እንዲሰማ። «አንገባም፤ አንቀመጥምም» አሉ። «መጀመሪያ ጉዳያችን ይሰማልን። ደምለው የሚባል ልጅ አለኝ። ሽማግሌ የለውም ሲሉት ሰምቼ እኔ ነኝ ብዬ መጣሁ። ልጃችሁን ለልጃችን ስጡን ልል ነው።»

ወይዘሮ ትበርህ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ወደ ሃርነት ዞሩ፤ ሃርነት ከወንበሯ ተነስታ ቆማለች። አሮጊቷ ሴት ቀስ ብለው ሽርጣቸውን ፈቱ፣ ቀና አሉ፤ አርባ ዓመት አንተ ያሉትን ሰው እርስዎ ብለው ጀመሩ።

«እንኳን ደህና መጡ። ለመሆኑ ልጁ ምን አለው?»

«ፔርሜሶ የለውም። ቤትም የለውም» አሉ አቶ ተኽለብርሃን። «አንድ ሽማግሌ ያለ ጥፋቱ ሲሰድበው ሽማግሌው እንዳያፍር ብሎ ችሎ ዝም ብሏል። ያለው ይኼ ነው።»

«መልካም ልጅ ይመስላል» አሉ ወይዘሮ ትበርህ፤ እንባቸው እየወረደ ነበር፣ ግን ወጉን አልለቀቁም። «እኔ ግን ብቻዬን መልስ አልሰጥም። የልጅቷ አባት አሁን ቤት የለም። መጥቶ ይምከርበት።»

«አውቀዋለሁ» አሉ አቶ ተኽለብርሃን። «ግትር ሰው ነው። ግን ስመጣ መንገድ ላይ አግኝቼ ጠይቄዋለሁ። እሺ ብሏል።»

ከታች ከደረጃው ሰው ሲያለቅስ ተሰማ፤ እንደ ወንድ አፍኖ ሳይሆን እንደ ልጅ፣ ድምፁን ለቆ። ሃርነት እናቷንም አባቷንም አልፋ ጫማ እንኳ ሳታደርግ ወደ ታች ሮጠች።